ሰሞኑን ምን ትጫወታለህ?

ሻርጃ፣ አል ናህዳ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣
ስምንት ሰው የሚያድርበት ክፍል ማታ ስትገባ፣
"እንዴት ነህ?" የሚልህ የለም፤ እንዴት እንደሆንክ ያውቃል፤
ጫማህን ሳታወልቅ፣ ከላይኛው አልጋ አንዱ ይጠይቃል፦
"ሰሞኑን ምን ትጫወታለህ?"

ሸምሰዲንን እዩት። አሥራ አራት ሰዓት ታክሲ ነድቶ፣
ዱባይ መንገድ ላይ ከመኪና መኪና ተጣብቆ ውሎ አምሽቶ፣
እግሩን ታጥቦ አልጋው ላይ ሲወጣ፣
ምን ቢጫወት ጥሩ ነው? መኪና ይነዳል፣ አንገቱን ደፍቶ!
"እዚያ ራዳር የለም" ይላል፣ "ቅጣት የለም፣ ከደሞዝ አይቆረጥ፤
ግንብ ብትገጭ እንኳ አለቃ የለም የሚያፈጥ።"

ዳርጌ ቤት ይሠራል። ቀኑን አርባኛ ፎቅ በገመድ ተንጠልጥሎ
የሰው መስኮት ሲወለውል ይውልና፣ ማታ ካሬ ድንጋይ ቆልሎ
በጣቱ ጎጆ ያቆማል፤ ደጁ ላይ ሁለት በግ አስሯል።
በር ግን አላበጀለትም።
"በሩስ?" ብዬ ብጠይቀው፣ "ማን ሊመጣብኝ?" አለኝ።
ቀልዱ አልገባኝም። ወይም ቀልድ አልነበረም።

ዘይነባ የሸምሰዲን እህት ናት፤ ዓጅማን ሰው ቤት ነው ሥራዋ።
እመቤቲቱ ስትተኛ፣ ብርድ ልብስ ሥር ነው እርሻዋ።
ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ትጽፍልናለች፦
"ሽንኩርቴ ሊደርስ ነው፣ ውሃ አለቀብኝ፣ ሦስት ባልዲ!"
እንልካለን፤ ጢማም ወንዶች፣ በእንቅልፍ ልባችን።
አገር ቤት እርሻ ስትጠላ ነው ያደገችው፤
"ይኼኛው አረም የለውም" ነው የምትለው።

የኔ ያሳፍራል። ከረሜላ ነው የምደረድረው፣
መኪና ማቆሚያው በር ላይ ሌሊቱን ስገፋው።
ቀይ ከቀይ፣ ቢጫ ከቢጫ፤ ሦስት ሲሆን ብን ይላል፤
ደረጃ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ደርሻለሁ፣ ጌሙ ያጨበጭብልኛል፤
ሥራው ላይ ግን የገባሁበት ደረጃ ነኝ፣ አምስት ዓመት ሊሞላኝ።

እኛ አገር እንግዳ ዝም ሲል "ተጫወት እንጂ!" ይባላል።
እዚህ ሁሉም ይጫወታል፤
የሚሰማው ኤሲው ብቻ ነው፣ ባልዲ ውስጥ ሲያንጠባጥብ።

ወርቅአለማሁ ዳማ ነው። ሌላ አይነካም።
ከአባቱ ጋር፣ መርሳ ካሉት። ሽማግሌው አይቸኩሉም፤
በቀን አንድ ጠጠር፣ ሲያሰኛቸው ሁለት ቀን ይቆያሉ፤
ስልክ አይወዱም፣ "ደህና ነን፣ ካርድህን አትጨርስ" ብለው ይዘጋሉ።
ጠጠር ሲበሉት ግን ያውቃል፦ ዛሬ ደህና አድረዋል፤
አጉል ቦታ ሲያኖሩ፦ ጉልበታቸውን አሟቸዋል።
ደሞዝ ዘገየብኝ ብሎ የጻፈ ለታ
ሆን ብለው ሁለት ጠጠር አስበሉት። ሌላ ቃል አልተነፈሱም።

አሁን ሃያ ሦስት ቀን ሆነው። ኔትወርክ ጠፍቶ ነው ይላሉ።
ሰሌዳው እንደቆመ ነው፤ ጠጠሮቹ ይተያያሉ።
ከላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ "የአባባ ተራ" ይላል፤
ወርቅአለማሁ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ፣ ደረቱ ላይ አኑሮት ያድራል።
ዳርጌ፣ "እስከዚያው ከማሽኑ ጋር ተጫወት" ቢለው
ቀና ብሎ አየው። ብቻ አየው።

ጁምዓ ማታ፣ እኔም ተረኛ ያልሆንኩ ለታ፣
ሸምሰዲን ካርቶን ቀዶ በማርከር አሰመረ፤
ሰማያዊና ነጭ የውሃ ፕላስቲክ ክዳን
የስልኩን ሰሌዳ እያየ አንድ ባንድ ደረደረ።
"የአባባን ወገን ማንም እንዳይነካ" አለ ወርቅአለማሁ።
ማንም አልነካም።
ዙሪያውን ወለሉ ላይ ተቀመጥን። ዳርጌ የአጎቱን በቅሎ አነሣ፣
ሸምሰዲን ሒሳብ ሳትከፍል አልቅሳ የወረደች ተሳፋሪ፣
እኔ ደግሞ ለማንም ያልነገርኩትን።
ተጫወትን፣ አንዲት ክዳን ሳትነቃነቅ።

ሰባት ሰዓት ላይ ስልኮቻችን ባንዴ ጮኹ።
ወርቅአለማሁ ዘሎ ተነሣ።
ዘይነባ ነበረች። "ውሃ" ብላለች።
ላክንላት።